እርጥብ ጆንያ ውስጥ የከረሙ ካሴቶች

አባቴ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ ዘበኛ ነበር። እናቴ ቤት የምትውል፤ ታላቅ እህቴ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለሥራ ዓረብ አገር የሄደች። አራተኛው እኔ ነኝ፣ ያኔ ድምፄ መጎርነን የጀመረ ጎረምሳ። የምነግርህ ነገር የአራታችን ነው።

ዛሬ ጠዋት እዚህ ሰመራ፣ አሮጌ ቻርጀርና ሚሞሪ ካርድ የማኖርበትን ካርቶን ስከፍት የጋለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ልጄ ከበሩ ላይ ሆና፣ "አባዬ፣ ይሄ ሁሉ ኮተት ለሙዚየም ነው?" አለችኝ። ሁሉንም ለይቼ፣ በላዩ ጽፌ ነው የማስቀምጠው። ዕቃውን ሥርዓት ማስያዝ ያቃተው ሰው ራሱንም አይዝም እላቸዋለሁ ልጆቼን። ይስቁብኛል። ሽታው ግን አዋሽ ወሰደኝ።

እህቴ መጻፍ አትወድም ነበርና ድምፅዋን በካሴት ቀድታ በሰው ትልክልን ነበር። ካሴት ሲደርስ ቴፑን መሐል አድርገን እንቀመጣለን። መጀመሪያ የክሩ እሽሽታ፣ ከዚያ እሷ፦ "እማምዬ! ዛሬም ሽሮው አረረብሽ?" ብላ ትንከተከታለች። እናቴ እንባዋ እየወረደ፣ "ዝም በይ አንቺ ባለጌ!" ብላ ለቴፑ ትመልሳለች። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

አንድ በጋ ሙቀቱ ከሌላው ጊዜ ባሰ። የቆርቆሮው ጣሪያ ቀኑን ሙሉ ሲንጣጣ ይውላል። ከካሴቶቹ አንዱ መስኮቱ ሥር ተጣሞ ተገኘ። አባቴ ደነገጠ። እኛ አዋሽ ላይ ውሃ የምናቀዘቅዘው ጀሪካኑን በጆንያ ጠቅልለን፣ ጆንያውን እያራስን ጥላ ሥር በማኖር ነበር። እሱም የቀሩትን ካሴቶች በፌስታል ቋጥሮ በጀሪካኑና በጆንያው መካከል ወሸቃቸው።

"አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ውሃ ውስጥ ልትነክራት ነው?" አለች እናቴ።

"ጣሪያው ሥር ከምትቀቀል እዚህ ትቀዝቅዝ። ሙቀቱ እስኪያልፍ እንዳትነኳቸው!"

እኛም ልክ መሰለን። በአባቴ አልፈርድም። ያደረገው ከፍቅር ነው፤ ፍቅር ብቻውን ግን ዕቃ መያዝ አያስተምርም። እናቴም አመነች። ጆንያውን ጠዋትና ማታ የምታርሰው እሷው ነበረች። ውሃውን ስታፈስበት፣ "ጠጪ እናቴ፣ ጠጪ" ስትል እሰማት ነበር።

ሙቀቱ አልፎ ቋጠሮው ሲፈታ ፌስታሉ ውሃ አቁሯል። ክሩ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። አንዱን ቴፑ ውስጥ ስንከተው አጉረመረመና ክሩን በላው። ሌላውን በጥጥ ብንጠርገው ቡናማው ቀለም ከሻጋታው ጋር ተላጦ መጣ፤ የቀሩትም እንዲሁ ሆኑ። ድምፅ የሚያዘው በዚያ ቀለም ላይ መሆኑን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ፣ የተበላሹ ቴፖችን ማንም ሳያሳየኝ እየፈታሁ ስማር ነው። አባቴ፣ "ሌላ ትልካለች" አለ።

አልላከችም። አሠሪ ቀይራ ነበር፤ አዲሷ ከበር አታስወጣትም።

እህቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰች። ጤነኛ ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ድምፅዋ ግን ሻክሯል፤ እያንዳንዱን ቃል ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብላ ነው የምታወጣው። እናቴ እሷ ስታወራ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፤ ገና የሚመጣ ሌላ ሰው ያለ ይመስል።

አንድ ቀን እህቴ፣ "ለመሆኑ በነዚያ ካሴቶች ምን እል ነበር?" ብላ ጠየቀች። እናቴ ጀመረች። አባቴ፣ "እንደሱ አይደለም" ብሎ አረማት። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አረምኳቸው። ትንሽ ተከራከርን፤ የሦስታችንም አልገጠመም።

"እስቅ ነበር እንዴ?" አለች እህቴ።

"ኧረ እንዴታ! ጎረቤት እስኪሰማ!" አለ አባቴ።

እሷ ለማስታወስ እየሞከረች ራሷን ነቀነቀች።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው። ልጃቸው ተመልሳላቸዋለች፤ እህቴም አጠገቤ ናት። ያቺን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን አራታችንም አጣናት፤ እሷ ራሷም ጭምር።