መርዶ በሙዚየም

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሰውን አባብሎ ማቆየት ደግሞ የሽማግሌ ሥራ ነው እንጂ የኔ አይደለም። ያን ቅዳሜ ግን የጀፒ ሽማግሌዎች ሁሉ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። "አንቺ ሂጂ፤ ብቻ እንዳታውቅ አድርጊ" አሉኝ።

በስደት አገር፣ የሐበሻ ነጋዴ በሞላበት ጀፒ ሰፈር፣ መጋረጃና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ጎኔ ያለው ሱቅ እንደ ወንድሜ የማየው የሆሳዕና ሰው ነበር። ድሮ የሐኪሞች ቢሮ የነበረውን ፎቅ በቺፑድ ከፋፍሎ ሱቅ ያደረገው እሱ ነው፤ እኛ ተከተልን። ዛሬ ደረጃው ላይ አማርኛው፣ ሀዲይኛው፣ ከምባትኛው፣ ዙሉው አንድ ላይ ይጮኻል። እሱ ግን ልቡን አሞት በድንገት ሞተብን። አዋጥተን አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ሸኘን።

እህቱ የምትኖረው ሩቅ፣ ፖርት ኤልዛቤት ከተማ ነው። እሱ ሲሞት እሷ ሆዷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። በኛ ደንብ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ አስቀምጦ ነው። "ቁስሏ ይሻር" ተባለ። ቁስሏ ሻረ። "ትንሽ ትጠንክር" ተባለ። ስትደውል "አገር ቤት ሄዷል፤ ገጠር ነው፣ ኔትወርክ የለም" እንላታለን፤ አገር ቤት ያሉትም እንዲሁ። መሄዱንስ ሄዷል! እኔ አንጀቴ እያረረ "ኧረ ንገሯት!" ብል ማን ሰምቶኝ።

በዚህ መሀል ሙዚየሙ ኤግዚቢሽን ከፈተ። ከየአፍሪካ አገሩ መጥተው ይህችን ከተማ ስለሠሯት ሰዎች ነው፤ ከኛ ሰፈር የተመረጠው ደግሞ የሱ ፎቶ ሆነ። ከመሞቱ በፊት ሱቁ ውስጥ ያነሱት ነው። አንዱ ቀልቃላ ፎቶውን ብቻ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። እህቱ አየች። "ወንድሜ ሙዚየም ገባ!" ብላ ሳትነግረን በአውቶቡስ ከተፍ አለች። ሽማግሌዎቹ እሁድ ማለዳ እኔ ቤት፣ ቤሪያ ሰፈር፣ ሊያረዷት ተስማሙ። እሷ ግን ገና ከመናኸሪያው "ቀጥታ ወደ ፎቶው ውሰጂኝ" አለችኝ።

ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ "በዚህ ዓመት ያረፉ" ይላል። ለሙዚየሙ ሠራተኛ ተደብቄ ደወልኩ። ዙሉ ናት፤ ስለ ጀፒ ስትጠይቀን ተዋውቀናል። "ጽሑፉን ሸፍኚልኝ" ብላት "የተሰቀለ ነገር አይነካም" አለችኝ። ደሜ ፈላ። "እህቱ ናት፣ አልሰማችም!" አልኳት። ይሄን ስትሰማ "እኛም ጋ ሰው ምንጣፍ ላይ ሳይቀመጥ አይነገረውም" ብላ ወረቀት ለጠፈችበት። እግዜር ይስጣት።

ፎቶው ጋ ቶሎ እንዳንደርስ ብዬ እግሬን እየጎተትኩ አስጎበኘኋት። የሞዛምቢክ ማዕድን ቆፋሪዎች መብራት፣ የማላዊ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና፣ የኮንጎ ፀጉር ሠሪዎች ወንበር... ስለማላውቀው ነገር ሁሉ ለፈለፍኩ።

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ፋኖስ ለማየት ነው የመጣሁት?" አለችኝ።

ፎቶው ፊት ስትቆም ፊቷ በራ። ትልቅ ነው፤ እሱ ጨርቅ በክንዱ ይዞ ይስቃል። "ይሄን ሸሚዝ እኔ ነኝ የገዛሁለት!" አለች። ለሚያልፈው ጎብኚ ሁሉ በእንግሊዝኛ "ወንድሜ ነው" ትላለች። የተሸፈነውን ስታይ "ምንድን ነው?" አለችኝ። "ስሕተት ተገኝቶበት ሊታረም ነው" አልኳት። አመነችኝ። ጌታ ሆይ ተመስገን አልኩ በልቤ።

ይሄኔ ሽማግሌዎቹ መጡ። የኔ ነገር አላስተማመናቸውም መሰለኝ፣ ካወቀች ብቻዋን እንዳትሆን ብለው ተሰብስበው ገቡ። የኛ ፎቅ ነጋዴ በሙሉ፣ ኮት ለብሶ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ አስቀድሞ። "እንኳን ደህና መጣሽ" እያሉ ሳሟት። እሷም በደስታ ስትስም ቆይታ መሀል ላይ ቆመች። አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ሱቁ ማን አለ?" አለች።

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ።

"የወሩ መጨረሻ ነው። ቅዳሜ ነው። ደመወዝ ወጥቷል። እናንተ ዛሬ ሱቅ ዘግታችሁ ፎቶ ልታዩ መጣችሁ? ወንድሜ የሠርጉ ዕለት እንኳ እስከ ስምንት ሰዓት ሲሸጥ ነው የዋለው። እናንተ ለሰው ሞት ካልሆነ መቼ ዘግታችሁ ታውቃላችሁ?"

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ "እህታችን፣ ጌታ በሰጠው ዕድሜ..." ብለው ሲጀምሩ በእጇ አስቆመቻቸው።

"መቼ ቀበራችሁት?" አለች። እኔን ነበር የምታየው።

"አንቺ ሆስፒታል ሳለሽ" አልኳት።

አልጮኸችም። ከፎቶው ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ።

"በየእሁዱ በስልክ አብረን ስንጸልይ" አለች፣ "'ወንድሜን ከሄደበት በሰላም መልስልኝ' እል ነበር። እናንተ ታዲያ ምን ብላችሁ ነው 'አሜን' ስትሉ የነበረው?"

ከመሀላችን አሜን ያላለ አልነበረም።