የሬዲዮ ቅዳሜዎች

የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ አፉ አያርፍም፤ ሬዲዮ ያልነውም ለዚህ ነው። አንገቱ በፎጣ ታስሮ ምላጭ ጆሮው ሥር የቆመበት ሰው የት ይሄዳል? የትኛው ዳኛ እንዳዳላ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ሁሉንም ይሰማል። ስለ ራሱ ቤት ግን ሬዲዮ ትንፍሽ አይልም ነበር።

የእህቱ ልጅ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል፣ ከቤተሰብ የሚወረስ በሽታ አለባት። ሳንባዋ ውስጥ ያለው አክታ እንደ ሙጫ ይወፍራል፤ ምግብም ያለ ክኒን አይፈጭላትም። እናቷ ጠዋትና ማታ ጀርባዋን በመዳፏ እየመታች አክታውን ታላቅቅላታለች። ከዚያ ልጅቷ መድኃኒቱን እንደ ጉም አድርጎ የሚሰጥ ማሽን ፊት ትቀመጣለች። ማሽኑ ደግሞ የሆስፒታሉ ነው፣ በውሰት። ለሌላ ሕመምተኛ ስለተፈለገ ወሩ ሲያልቅ መልሱ ተባሉ።

ሬዲዮ ሰው ፊት እጁን ዘርግቶ አያውቅም፤ መለመን ሞቱ ነው። ስለዚህ የራሷን ማሽን ለመግዛት ዘዴ ፈጠረ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆረጥ ፀጉር ዋጋ የለውም፤ ደንበኛው የፈቀደውን ሣጥን ውስጥ ይከታል፣ ሬዲዮ ደግሞ ያን ጊዜ ፊቱን አዙሮ ምላጭ ያጥባል። እህቱ "ፎቶዋን ብትለጥፍበት ምናለ?" ስትለው "ሰው ልጄን በሐዘኔታ ዓይን እንዲያያት አልፈልግም" አላት። እኔም ጎሽ ብዬው ነበር።

የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ ገባ። ሣጥኑ የምን እንደሆነ ሲጠይቅ ነገሩት። ልጅቷ ጥግ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ደህና ቀኗ ነበር፤ ፊቷ ወዝቷል፣ አንዱ ደንበኛ በተናገረው ቀልድ ከት ብላ ስቃለች።

"የታመመችው ይቺ ናት?" አለ ነጋዴው። "ምን ሆነችና? ከእኔ ልጆች አትሻልም እንዴ? ዘንድሮ እንግዲህ የማይለመንበት ነገር የለም።"

ሳቅ ሆነ። ሬዲዮ መቀሱን እንደያዘ ቀረ። በሽታው ከውጭ እንደማይታይ ሐኪሙ ደጋግሞ ነግሮታል፤ ያንኑ መናገር ይችል ነበር። ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እንጃ። ልመና መባሉ አጥንቱ ድረስ ዘልቆ ነው መሰለኝ፣ መጀመሪያ የመጣለትን አደረገ።

"የኔ እናት" አላት፣ "እስቲ ሳል አድርጊላቸው።"

ልጅቷ የሚቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ ገባት። እርሳሷን አስቀመጠችና የውሸት ሳል ሳለች። ተከትሎት የመጣው ግን የእውነቱ ነበር። ጎንበስ አለች፣ የአንገቷ ሥር ተገታተረ፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ሬዲዮ ሮጦ ጀርባዋን ይመታ ጀመር። ሳሉ ሲተዋት አክታዋን በሶፍት ተቀብላ አጣጥፋ ያዘችው። የት እንደምትጥለው ጠፋት፤ ሁላችንም እናያታለን። ነጋዴው ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ተነሳና ኪሱን ሣጥኑ ውስጥ ገለበጠ። "ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ አላወቅኩም" አለ። ሬዲዮ ቀና ብሎ አላየውም። እኔም አፍሬ ፀጉሬን ሳልቆረጥ ወጣሁ።

ማሽኑ ተገዛ። እህቱ እኛ ባለንበት መጥታ እጁን ልትስም ስትል ነጥቆ ወደ ኋላው ደበቀው።

"ምነው?" አለችው።

"ፀጉር ነክቶታል" አላት።

ምን ብሎ ይንገራት? ልጅቷም ለእናቷ አልተናገረችም፤ እሱን ይበልጥ ያሳፈረው ይሄ ነው። ትልቁ ሰውዬ አጠፋ፣ ትንሿ ልጅ ሸፈነችለት። ሬዲዮ ሣጥኑን ከሱቁ አነሳው። እኛ ስናወራ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይቆርጣል፤ ይቅርታ የሚጠይቅበትን ቃል ሲፈልግ ሰነበተ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሱቁ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ሬዲዮ በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"የዚያን ቀን ያልኩሽ ነገር..." ብሎ ሳይጨርስ አንድ የማናውቀው፣ ደህና የለበሰ ሰውዬ በሩን ከፍቶ ገባ።

ልጅቷ ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ደብተሯን ከደነችና ሳለች። ከዚያ ወደ አጎቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

"ይበቃል አጎቴ፣ ወይስ ልጨምር?"