ጋሽ በላይ የፅጌ ፎልደር ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሰርቨሬ ላይ ሌባ ያዝኩ... የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽሮ ሜዳ ያሉ የሀበሻ ቀሚስ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ኢንተርኔት ላይ ማሳየት ፈልገው ሥራውን ለኔ ሰጡኝ። አንድ ሰርቨር ላይ ለየሱቁ የየራሱን ፎልደር ከፈትኩ። ባለሱቁ በፓስወርዱ ገብቶ ፎቶ ይጭናል፣ ፎቶው የሱቁ ገጽ ላይ ይወጣል። አንዱ የሌላውን እንዳይነካ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ይተማመናሉ ብዬ አላሰብኩም።

ቅዳሜ ማን እንደገባ ሳይ፣ በአንድ ስልክ መጀመሪያ የጋሽ በላይ፣ ቀጥሎ የጎረቤታቸው የፅጌ ፎልደር ተከፍቷል። ወዲያው የፅጌን አካውንት ቆለፍኩና ደወልኩላት። ስልኳ ዝግ ነው። ታክሲ ይዤ ወጣሁ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኛል፤ ጥርጣሬዬ ፍሬ ሲያፈራ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ጋሽ በላይ የፅጌ ሱቅ ውስጥ ቆመው አንድ የሙሽራ ቀሚስ በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ።

«እንኳን መጣህ! ይሄ ነገርህ አላስገባ አለኝ እኮ።»

«ጋሽ በላይ... የፅጌን ፓስወርድ ከየት አመጡት?»

«ከየት አመጣዋለሁ? ከሱቁ ቁልፍ ጋር ሰጥታኝ ነዋ። እሷ ክርስትና ልታነሳ ቁስቋም ሄዳለች።»

ቀሚሱ ተሰፍቶ ያለቀው ገና ጠዋት ነው። የሙሽራዋ ቤተሰቦች ሀዋሳ ናቸው፤ እስከ ምሳ ሰዓት ገጹ ላይ ካላዩት ከሌላ ሰው ሊገዙ ነው። ስልክ ቁጥራቸው ያለው ደግሞ ፅጌ ጋ ብቻ። ስንት የለፋችበትን ቀሚስ ሊያስቀርባት የነበረው እንግዲህ እኔ ነኝ።

ላፕቶፔን ጋቢዎቹ ላይ ዘርግቼ አካውንቱን መክፈት ጀመርኩ። ዝም ማለት ስላቃተኝ ጠየቅኳቸው።

«እርስዎም እኮ የሙሽራ ቀሚስ አለዎት። ለምን የራስዎን አላሳዩአቸውም?»

ጋሽ በላይ ስልካቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሱቄን ጠብቅልኝ ብላኝ በሄደች ገበያዋን ልውሰድባት? ነገ በምን ዓይኔ አያታለሁ? ስትኖር እንሻማለን፣ እሱ ሌላ ነው። ስትሄድ ግን አደራ ነው።»

አፈርኩ። ሥራዬን ቀጠልኩ።

ፎቶው ገባ። ትንሽ ቆይቶ ገጹ ላይ ከሀዋሳ መልእክት መጣ... «በጣም ወደነዋል፣ ላኩልን።» ጋሽ በላይ የራሳቸው ቀሚስ የተሸጠ ይመስል እጃቸውን አጨበጨቡ።

ቤት ስገባ ሰርቨሩ ላይ አዲስ ግሩፕ ፈጠርኩ፤ ባለሱቅ ሲፈቅድ ሌላው ፎልደሩን ከፍቶ እንዲሠራለት። ስሙን «ጎረቤት» አልኩት።

እኔ ግን ከቤቴ በር ፊት ለፊት የሚኖረውን ሰውዬ ስሙን እንኳን አላውቀውም።