ኩዌት የተሰፋው ኮት

ሙጂባ አገር ለመግባት ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ ኩዌት ከተማ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ገብታ ለአባቷ ኮት ማሰፋት እንደምትፈልግ ተናገረች። ሰፊው ሽማግሌ ፓኪስታናዊ ነው። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወደ በሩ ተመለከተ።

«ባባስ የታለ?»

«አምባሰል ነው።»

ሰፊው አምባሰል የሚባል ሰፈር ኩዌት ውስጥ ይኖር እንደሆነ ሲያስብ ቆየ። «ልኩን አምጪ» አላት በመጨረሻ። «በፎቶ አልሰፋም።»

አባቷ ሀሚዱ አምስት ዓመት ሙሉ በስልክ አናግሯት አያውቅም። «አትሂጂ» ብሏት ነበር፤ ሄደች። ዱዓ ሳያደርግላት ነው ከቤት የወጣችው። ከዚያ ወዲህ እናቷን ሀውራን በኢሞ ስታነጋግር፣ እሱ ከኋላ ሲያልፍ ትከሻውን ታያለች። ቆሞ አያውቅም። አሁን የታናሽ እህቷ የራህመት ኒካ ሊታሰር ነው፤ ሙጂባም የአንድ ወር ፈቃድ አግኝታለች። አባቷ በኒካው ቀን እሷ ያመጣችውን ኮት ከለበሰ ይቅር እንዳላት አገሩ ያያል። ካልለበሰም ያያል።

በዚያው ቀን ደወለች።

«እማ፣ የአባን ልክ ላኪልኝ።»

«ገመድ ይዤ ልጠጋው ነው የምትይኝ?» አለች ሀውራ። «አባትሽን ረሳሽው እንዴ?»

አልረሳችውም። ሀሚዱ የቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ ለኪ ነው። በመንደሩ ሰው ሲሞት ገመድ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው፤ አስከሬኑን ከራስ እስከ እግር ይለካና ገመዱን ቋጥሮ ለመቃብር ቆፋሪዎቹ ያደርሳል። ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቶበታል። እሱ ራሱ ግን በቁሙ ገመድም ሆነ ሜትር አያስነካም። ልብሱን የሚገዛው ውጫሌ ገበያ ከልባሽ ተራ ነው፤ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «ይበቃል» ካለ በቃ።

«እንግዲህ በሆነ ዘዴ» አለች ሙጂባ።

«አብሽሪ፣ እናገኝለታለን።»

በሦስተኛው ቀን ልኩ በራህመት ድምፅ ተቀድቶ መጣ፤ ትከሻ፣ ደረት፣ እጅጌ፣ ቁመት። ሰፊው ቁጥሮቹን ጽፎ ቀና አለ።

«ባባ ትልቅ ሰው ነው?»

«ትልቅ ነው» አለችው። ስትሄድ ትልቅ ነበር።

ግራጫ ሱፍ መረጠች፤ ገበሩ ጥቁር፣ የውስጥ ኪሱ ባለ ዚፕ።

አገር ቤት ስትገባ ሀሚዱ ሰላምታዋን መለሰ፤ ማንንም እንግዳ እንደሚጠይቀው ስለ መንገዱ ጠየቃት። በማግስቱ ከዙሁር ሶላት ሲመለስ ኮቱን አወጣችለት። ሱፉን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ለበሰው።

እጅጌው ጣቶቹን ዋጣቸው። ትከሻው ግራና ቀኝ ወረደ። ራህመት አፏን በሻርፗ ያዘች።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለ ሀሚዱ።

ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ሀውራ፣ ምኔን ለክታችሁ ነው የላካችሁት?»

«ኮትህን። መስጊድ ስትሄድ መደቡ ላይ ዘርግተን።»

«ያንን የሞተ ፈረንጅ ልባሽ? እሱ መች የኔ ልክ ሆኖ ያውቃል? አስራ አንድ ዓመት እጅጌውን እየጠቀለልኩ ነው የለበስኩት።»

«ታዲያ ምን እናድርግ? አንተን እንደሆን መንካት አይቻል» አለች ሀውራ።

ሀሚዱ ኮቱን አውልቆ አጠፈና ለሙጂባ መልሶ ሰጣት። ለኒካው አምስት ቀን ቀርቶ ነበር።

ሙጂባ በነጋታው ውጫሌ ወረደች። ዑበይዱላህ የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ የሚሰፋ ሰው ነው። ኮቱን ገልብጦ ስፌቱን ለረጅም ጊዜ አየው።

«የሰፋው ሰው እጁ ይባረክ» አለ። «ማጥበብ እችላለሁ። ሰውዬውን አምጪልኝ።»

«አይመጣም። ሀሚዱ ነው፣ የቅሬው።»

ዑበይዱላህ ሳቀ። «አባቴንም የለካው እሱ ነው። እንግዲያው ልኩን ይዘሽ ነይ። ያለ ልክ መቀስ አላነሳም።» ሜትሩን አዋሳት።

ስትመለስ ሀሚዱ ደጅ ተቀምጦ የዶማ እጀታ ይጠርባል። ሜትሩን አጠገቡ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ቆመች። መጥረቡን አላቆመም።

«ዑበይዱላህ ነው የሰጠሽ?»

«አዎ።»

«ያለ ልክ አይሆንም አለ?»

«አይሆንም አለ።» ቀጥላም፣ «አባ፣ የኩዌቱ ሰፊ ትልቅ ሰው ነው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አዎ አልኩት። ኢሞ ላይ የማየው ትከሻህን ብቻ ነው፤ ያውም ስታልፍ።»

ሀሚዱ ጥቂት ከጠረበ በኋላ መጥረቢያውን አስቀመጠ። ተነስቶ አሮጌውን ኮት አወለቀና እጀታው ላይ ጣለው። በሸሚዝ ብቻ ሲቆም አጥንቱ ይታያል።

«ለኪ» አለ። «ቁመቴን ግን ከራሴ አትጀምሪ። ከራስ የሚጀምረው የገመዱ ልክ ነው።»

«ከአንገት ነው የሚጀመረው።»

«እንግዲያው ቶሎ በይ፣ በረደኝ።»

ትከሻው ከላኩላት ልክ ስምንት ሴንቲ ሜትር አነሰ። ቁጥሩን ስልኳ ላይ ጻፈች፤ እንደገና ለካችው፤ ያው ነው።

በኒካው ቀን ኮቱ ትከሻው ላይ ልክክ ብሎ ነበር። ግራ እጅጌው ብቻ አንድ ጣት ያህል አጥሯል፤ ስትለካ ሜትሩ ሸሽቷት ነው። ሀሚዱ ቀኑን ሙሉ ይጎትተዋል። ከቅሬው ሰዎች አንዱ ሱፉን ዳሰሰና የት እንዳሰፋው ጠየቀው።

«ኩዌት ተሰፋ፣ ውጫሌ ጠበበ» አለ ሀሚዱ።

«አንተን ደግሞ ማን ደፍሮ ለካህ?»

ሀሚዱ እጅጌውን ጎተተ። «ልጄ ነች፣ ሙጂባ» አለ፤ በአገጩም እሷ ወዳለችበት አመለከተ።