ማሽኑ የቆመባቸው ቀናት

መጀመሪያ የሄደው ድምፄ ነው። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስጯጯህ ስለምውል መጎርነኑን ከአቧራው ቆጠርኩት። ማርና ዝንጅብሉ አልሠራ ሲል ባለቤቴ ዘይነባ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ከጉሮሮዬ ናሙና ተወስዶ ባዮፕሲ ተሠራ። የማንቁርት ካንሰር ነው ተባልኩ።

ረጅም ወረፋ ጠብቄ የጨረር ሕክምና ጀመርኩ። በልኬ በተሠራ የፕላስቲክ ጭንብል ፊቴንና አንገቴን ከአልጋው ጋር ያስሩኛል። መንቀሳቀስ የለም። ምራቄ ደረቀ። ውሃ እንደ ምላጭ ቆረጠኝ።

የሕክምናው እኩሌታ ላይ ስደርስ አንድ ጠዋት ማሽኑ ቆመ። የጨረሩን መጠን የምትለካው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ወጥታ "ዛሬ አናክምም" አለችን። በሽተኛ ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ ትለካለች፤ የዚያን ቀን ልኬቱ ከወትሮው ወጣ ብሏል። በሌላ መለኪያም ደገመችው። ያው ነው።

ደሜ ፈላ። "ትንሽ ቢበልጥ ምን አለበት? እኔ እችለዋለሁ" አልኳት በሹክሹክታ።

"ጋሽ ከድር፣ ከበዛ ጉሮሮዎን ይጎዳል። ካነሰ ካንሰሩ ይተርፋል። ልኩን ሳላውቅ አላስገባዎትም።"

ከእኔ ቀጥለው የሚታከሙት ጋሽ አለሙ ከጎጃም መጥተው ተክለ ሃይማኖት ዘመድ ቤት ተጠግተው ነበር። "እንግዲህ አገሬ ልግባ" አሉ። ዘይነባ "እኛ ጋ ይክረሙ፣ አባቴ" ብላ ለመነቻቸው። እንቢ ብለው ሄዱ።

መጠበቁ ከጨረሩ ከፋ። እጄ ከአንገቴ አይወርድም። እብጠት ወጥቶ እንደሆነ እዳብሳለሁ። ዘይነባ ጎህ ሲቀድ ሱብሒ ሰግዳ ከስጋጃው ሳትነሳ ትቆያለች።

መሐንዲሶች ማሽኑን አስተካከሉ፤ ባለሙያዋ ደጋግማ ለካችና ተጠራን። ሐኪሜ ያመለጡኝን ቀናት የሚያካክስ ፕሮግራም አወጣልኝ። ከስቼ ጭንብሉ ስለሰፋኝ እሱም እንደገና ተሠራ። የጋሽ አለሙ ስልክ ግን ሆስፒታሉም እኔም ብንደውል አይነሳም። ከወራት በኋላ ልጃቸው አነሳች። አባቷን ቀብረዋል።

"ማሽኑ ተሠርቶ ነበር እንዴ?" አለችኝ።



አሁን ምርመራዬ ንጹህ ነው፤ ድምፄ ግን እንደ ድሮው ስላልተመለሰ ደንበኛ ጆሮውን አስጠግቶ ይሰማኛል፤ ያለ ውሃ ጉርሻ አይወርድልኝም፤ ያም ሆኖ ሱቄን ከፍቼ እውላለሁ። ያልተረጋገጠ ጨረር አልሰጥም ብላ ቁጣዬን የቻለችውን ባለሙያ አላህ ይስጣት።

እናንተ በዚህ መንገድ ያላችሁ፣ ማሽኑ ቆመ ስትባሉ ብትቆጡም አይፈረድባችሁም። ግን ያመለጣችሁ ቀን እንዴት እንደሚካካስ ሐኪሙን ሳትጠይቁ ከግቢው አትውጡ። ከከሳችሁ ጭንብሉ ይላላልና ተናገሩ። አገር ቤት መግባት ግድ ከሆነባችሁም የሚነሳ ስልክ አስመዝግባችሁ ሂዱ።