ሬሳው ሲያስነጥሰው

አባቴን ወደዚያ ቤት የወሰድኩት ዋሽቼ ነው። «አዲስ ጨዋታ ቤት ተከፍቷል፤ ትንሽ እንሳቅ» አልኩት። ወንድሜ እዚያ ሬሳ ሆኖ እንደሚሠራ አልነገርኩትም።

አባቴ ዕድሜውን በሻሸመኔ መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረው ልጁን ኢንጂነር ለማድረግ ነበር። ወንድሜ ግን ዩኒቨርሲቲውን አቋርጦ ቴአትር ውስጥ ገባ። አባቴም «ለእኔ ሞቷል» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን አንስቶ አያውቅም። ሽማግሌ ቢላክበትም እሺ አላለም። እኔም በመሀል መመላለሱ ሲሰለቸኝ ተናደድኩ። ሞቷል ካለ እንግዲህ ሬሳውን ይየው!

ቤቱ አዳማ ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ያለ አሮጌ ቪላ ነው። ገብተህ ይቆለፍብሃል፤ ሙታን መስለው የለበሱ ተዋንያን እያስፈራሩህ ቁልፉን ፈልገህ ትወጣለህ። በር ላይ የቆመችው ልጅ አባቴን «አካም ጅርቱ አባባ? ሬሳውን እንዳይነኩት፤ እሱም አያናግርዎትም» አለችው።

«ሬሳ ሲናገር የት አየሽ?» አላት አባቴ።

ውስጡ ጨለማ ነው፤ የአዳማ ሙቀት ደግሞ ታፍኖበታል። ጥግ ላይ የሬሳ ሣጥን ተቀምጧል። ክዳኑ ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት፣ ማን እንደሚወጣ እያወቅኩ ጮህኩ። አባቴ አልጮኸም። በአቡጀዲ የተገነዘ፣ ፊቱ ዱቄት የተነፋበት ሰው እጆቹን ዘርግቶ መጣና አባቴን ሲያይ ባለበት ቀረ። እንደምንመጣ ለእሱም አልነገርኩትም ነበር። ድንገት አስነጠሰው።

«ይማርህ!» አለ አባቴ፣ እንደ ልማዱ።

«ያኑርህ አባዬ» አለ ሬሳው፣ እሱም እንደ ልማዱ።

አባቴ ትንሽ አየውና ዞር ብሎ ቁልፉን መፈለግ ጀመረ። መሳቢያውን ሁሉ አገላበጠ፣ ቁልፉን አገኘ፣ በሩን ከፈተ። ወንድሜ ሣጥኑ አጠገብ እንደቆመ ቀረ። የባሰ አበላሸሁት ብዬ እንባዬ መጣ።

ደጅ ስንወጣ ልጅቷ እየሳቀች «እንዴት ነበር አባባ? ፈሩ እንዴ?» አለችው።

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ አራገፈና መልሶ ደፋው።

«ዱቄቱን ቀንሱለት» አላት። «ልጄን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ብናኝ አይስማማውም።»