አማርኛውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

«አንተ ነህ እንጂ ሌላ ማን ነካው? ትናንት ስንዘጋ ይጽፍ ነበር። አሁን ‹ይድረስ› ብዬ ስመታ የፈረንጅ ፊደል ይደረድርልኛል!»

«እትዬ ዝናሽ፣ እኔ ያጠፋሁት ቆሻሻውን ብቻ ነው።»

«ቆሻሻው አንተ ነህ!»

እንዲህ ስንባባል ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገና አልሆነም። ቦታው ደባርቅ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው፣ እኔም በጸሐፊነት የምሠራበት የእትዬ ዝናሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ከሁለታችን መካከል፣ በደንበኛ መቀመጫው ላይ፣ ከደረስጌ የመጡ አንድ መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። በእጃቸው የጻፉት ሦስት ገጽ አቤቱታ ጉልበታቸው ላይ ነው።

ይህ ከሆነ ዓመት አልሞላውም። ብዙ ሰው ሰድቦኛል፣ ብዙ ሰው ሰድቤያለሁ፤ አብዛኛውን እረሳዋለሁ። ያን ቀን ግን አልረሳውም፤ የተበላሸው ነገር የእኔ አልነበረምና።

መሪጌታ ቅኔ ያስተምራሉ። የተማሪዎቻቸው ጎጆዎች ያሉበት ቦታ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ተወስኗል። ይግባኝ ለማለት የቀራቸው ያ ቀን ብቻ ነበር፤ ይግባኙን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። መስኮቱ ላይ «በእጅ የተጻፈ አንቀበልም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ለዚህ ነው እትዬ ዝናሽ ዘንድ የመጡት።

ጥፋቱ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። የደባርቅና የዳባት ጸሐፊዎች በቴሌግራም አንድ ግሩፕ አለን። የማመልከቻና የውል ናሙናዎች ያሉበት ገጽ አገኘሁና ሊንኩን ለጠፍሁ። ሊንኩ ስድስት መስመር ይሞላ ነበር። «ይህ ሊንክ ነው ወይስ የሊማሊሞ መንገድ?» ብለው ሳቁብኝ።

እኔም ረጅም ነገር አልወድም። ግጥም እጽፋለሁ፤ ከማንም ሳልማር ራሴ የለመድሁት ነው፣ ኮምፒዩተርም እንደዚያው። ሊንክ በነጻ የሚያሳጥር ገጽ ፈልጌ ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ አንዲት ቃል አሳከልሁት። ሁሉም አመሰገነኝ።

አጭሩ ሊንክ ግን በቀጥታ አያደርስም ኖሯል። መጀመሪያ የማስታወቂያ ገጽ ያመጣል፤ ገጹ ላይ መዳፍ የሚያህል አረንጓዴ ቁልፍ አለ። ብዙው ሰው እሱን ተጫነ። ከዚያ ወዲያ ኮምፒዩተር በተከፈተ ቁጥር ማንም ያልጠራቸው ፕሮግራሞች አብረው ይነሡ ጀመር። አንዱ «ኮምፒዩተርህ ታሟል» ይላል፣ አንዱ የማናውቀውን አገር ዝናብ ያወራል፣ አንዱ ቁማር ያስታውቃል። የእትዬ ዝናሽ ኮምፒዩተር አሮጌ ነው፤ ተከፍቶ ለሥራ እስኪደርስ ሽሮ ተሠርቶ ይበላል።

«ያመጣኸው አንተ ነህ፣ አንተው አውጣው» አለችኝ።

በዋዜማው አመሻሽ ላይ ተቀምጬ፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብሮ የሚነሣውን ሁሉ በዝርዝር አወጣሁ። አሥራ ሰባት ስም ነበር። የማውቀውን ተውሁ፣ የማላውቀውን ከነሥሩ ነቀልሁ። እትዬ ዝናሽ አጠገቤ ወረቀት ትደረድር ነበር፤ አንዱንም «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ዘግቼ ስከፍተው ኮምፒዩተሩ እንደ አዲስ ፈጠነ። እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ከነቀልኋቸው አንዱ የአማርኛ መጻፊያው ነበር። ስሙ በፈረንጅ ፊደል ነው የተጻፈው፤ ከሌቦቹ ጋር ተሰልፎ ሳየው ሌባ መሰለኝ። እሱ ግን ከኮምፒዩተሩ ጋር በየጠዋቱ የሚነሣው ፊደላችንን ሊያወጣልን ነው።

«መጫኛው የታለ?» አልኋት።

«የጫነልኝ ልጅ አገር ለቆ ከሄደ ስንት ዘመኑ! እኔ መጫኛ ምን አውቃለሁ?»

«እኔ እኮ አረንጓዴውን ተጫኑ አላልሁም።»

«አትጫኑም አላልህም!»

በአካባቢው ሌሎች ሁለት ጸሐፊዎች አሉ። አንዱ ቤቱን ዘግቶ ለቅሶ ሄዷል። የሌላው ኮምፒዩተር ጎንደር ለጥገና ተልኳል፤ በምን እንደ ታመመ መናገር አያስፈልገኝም። አቤቱታውን በስልኬ ጽፌ ላስገባው ሞከርሁ። አሮጌው ኮምፒዩተር የስልኩን ፊደል አያውቀውም፤ ሁሉም ባዶ ሳጥን ሆነ። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ሳጥኖቹን አዩና «ይህስ የማን ቋንቋ ነው?» አሉ።

ራሴ ኢንተርኔት ላይ ብፈልገው ለአሮጌው ኮምፒዩተር የሚሆነውን አጣሁ፤ ግሩፑ ላይ «የአማርኛ መጻፊያው የሚወርድበት ሊንክ ያለው ሰው ይላክልኝ፣ አስቸኳይ ነው» ብዬ ጻፍሁ። መልሱ ዘነበ።

«ገጣሚው መጣ፣ ኮምፒዩተራችሁን ደብቁ!»

«አሳጥረን እንላክልህ?»

ሊንኩ ያለው አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ የዳባቱ ጸሐፊ ወንድይፍራው። በእኔ አጭር ሊንክ ምክንያት ኮምፒዩተሩ ተደምስሶ ሁሉን እንደ አዲስ የጫነ እሱ ነው። በዕድሜም ታላቄ ነው። «አለኝ» ብሎ ጻፈ። «ግን መጀመሪያ ይቅርታ በል። እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እያየ።»

አንዲት ቃል ነበረች። አራት ሰዓት ገና አልሞላም። ያን ጊዜ ብላት ኖሮ መሪጌታ ከቀትር በፊት ጉዳያቸውን ይጨርሱ ነበር። እኔ ግን እንዲህ ብዬ ላክሁ፦

አረንጓዴ ሲያይ ዘሎ የሚነካ፣
ጸሐፊ መሰለኝ፣ በሬ ኖሯል ለካ።

ግሩፑ በሳቅ ተሞላ። እውነቱን ለመናገር ከልቤ ደስ አለኝ፤ እስከዚያ ቀን ከገጠምሁት ሁሉ የእሱን ያህል ቶሎ ሰው የያዘው የለም። ወንድይፍራው ግን ዝም አለ። ስደውል አያነሣም። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። ውጭ ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሸፈነው። እትዬ ዝናሽ ለመሪጌታ ዳቦ ብታቀርብ «ጾም ነው» ብለው መለሱላት። እኔ ስልኬን እየነካካሁ እንደ ተቀመጥሁ ሳላስበው ከእጄ ነጠቀችኝና አነበበችው።

«ጉድ እኮ ነው! መሪጌታ፣ ይህ ልጅ ምን እንዳደረገ ያውቃሉ? የሚረዳንን ሰው በሬ ብሎ ሰድቦታል!»

መሪጌታ ግጥሙን አንብብልኝ አሉ። አነበብሁላቸው።

«ቤት ይመታል» አሉ ዝግ ብለው። «እንግዲያው እሱን ወስደህ ከመስኮቱ ስጥልኝ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ይቅርታ ጻፍሁ። ያለ ግጥም፣ ሰው ሁሉ እያየ። ወንድይፍራው አይቶት ሳይመልስ አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀመጠኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊንኩን ላከ። በጽሑፍ እንዳይመስላችሁ። የኮምፒዩተሩን መስኮት በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ ከሥሩ «እኔ አጭር አልወድም» ብሎ ነው የላከው። ሰባት መስመር ነው፤ ፎቶው ደብዝዟል። ነክተው አይከፍቱት፣ ቀድተው አይለጥፉት፤ ፊደል በፊደል መምታት ግድ ሆነብኝ። አንዳንዱ ቁጥር ይሁን ፊደል አይለይም። ሁለት ጊዜ መታሁት፣ ሁለት ጊዜ «ገጹ የለም» አለኝ።

«ተነሥ ከዚህ! አንተ አንብብ፣ እኔ ልምታ» አለች እትዬ ዝናሽ። ማንበብ ጀመርሁ። «ቀስ በል፣ ግጥም አይደለም!»

በእሷ እጅ ገጹ ተከፈተ። ፕሮግራሙ በስልኬ ኔትወርክ መውረድ ጀመረ። ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል። አሥር ሰዓት ሲሆን ግማሽ ላይ ነበር።

የመጨረሻውን ከመናገሬ በፊት ውጤቱን ላስቀድም። ያ አቤቱታ ከመስኮቱ ተመለሰ። ቀኑም አለፈ። ጎጆዎቹ ፈረሱ፤ ከተማሪዎቹ ገሚሱ ወደ ጎንደር ሄዱ አሉ፣ የቀሩት የት እንደ ገቡ አላውቅም። ወንድይፍራውን ዛሬም አልወደውም፤ ፎቶውን ሆን ብሎ እንዳደበዘዘው አምናለሁ። ነገር ግን ሳስበው የሚያንገበግበኝ እሱ ያስቀመጠኝ አንድ ሰዓት አይደለም። ከአራት እስከ ስምንት ያለው የራሴ ነው። ያቺን ግጥም ሰዎች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እየሳቁ ይሉልኛል፤ ስሰማት ያመኛል። መሪጌታን ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ወደ ደረስጌ ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከመናኸሪያው ተመለስሁ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መሪጌታ ተነሡ። ወረቀታቸውን አጥፈው ከጋቢያቸው ሥር ከተቱት።

«መሪጌታ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ! ሊያልቅ ነው፣ ይዩት» አልሁ።

«ከጠዋት ጀምሮ አምስት ደቂቃ ነው፣ ልጄ። ቢያልቅስ፣ ገና ሦስት ገጽ የሚጻፍ አይደለም?»

«በእጅ የተጻፈ እኮ አይቀበሉዎትም» አለች እትዬ ዝናሽ።

«ይመልሱት። በቀኔ ከመቅረብ አልቀረሁም።»

ለእሷ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክመሻል» አሏት። እኔ ይመርቁኝ እንደሁ ብዬ ጎንበስ አልሁ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው በአጠገቤ አለፉ፤ የቆርቆሮው በር ከኋላቸው ተዘጋ።